ሰርቄያለሁ በል

ሜላት ከአባቷ ጋር የተጣላችው በሽቦ አጥር በኩል ነው። ሽቦ ደግሞ ለጥል አይመችም። በዚህ ወገን ጠያቂ፣ በዚያ ወገን እስረኛ፣ መሃል ላይ እጅ ለእጅ የማያገናኝ ክፍተት፣ በክፍተቱም ውስጥ ወዲያና ወዲህ የሚል አንድ ፖሊስ አለ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚያወራ ምስጢር ያለው ሰው ምስጢሩን መጮህ አለበት።

«ሰርቄያለሁ በል እንጂ አባባ። አንዲት ቃል ናት እኮ።»

«አልሰረቅኩማ።»

«አለመስረቅህን እኔም አውቃለሁ። በል ነው ያልኩህ እንጂ ስረቅ መች አልኩህ?»

አጠገቧ በሶ ይዛ የቆመች ሴትዮ ዞር ብላ ገላመጠቻት። ሜላት ተገላምጣ ዝም የምትል ልጅ አይደለችም። «እናቴ፣ የእርስዎ ልጅ በዚያ በኩል ነው። ይኸኛው የኔ ነው፣» አለቻትና ወደ አባቷ ተመለሰች።

አባቷ ክንዴ በደህናው ዘመን ዳንግላ ውስጥ ጋሪ ነጂ ነበር። ከመናኸሪያ እስከ ገበያ ሰውም እህልም ያመላልሳል። ሌላው ጋሪ ነጂ ፈረሱን ይገርፋል፤ ክንዴ ግን ያማክራል። «ዳገቱን አሁኑኑ እንውጣው ወይስ ትንሽ እንረፍ?» ይለዋል። ፈረሱ እስኪያስብ ድረስ ተሳፋሪው ይረፍድበታል። ሚስቱ ዘውድነሽ «እኔን እንኳ አንድ ቀን እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም» ትል ነበር።

እስር ቤት ያስገባውም ይኸው የፈረስ ፍቅሩ ነው። አንድ ዓርብ ማለዳ ሣር ሊያጭድ ከከተማው ወጣ ሲል አንዲት ዳማ ባዝራ ልጓም የላት፣ ገመድ የላት፣ መንገድ ዳር ቆማ አገኘ። ጋማዋን ጭጎጎት ወሮት፣ ፀጉሯ እርስ በርሱ ተቆላልፎ፣ አንገቷን ማዞር እንኳ ተስኗታል። በዚያ አገር ደንቡ የታወቀ ነው። የባዘነ ከብት ያገኘ ሰው ወደ ቤቱ ወስዶ ያስራል፣ ያበላል፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ «እንዲህ ያለ ከብት የጠፋበት ሰው ቢኖር» ብሎ ያስነግራል። ክንዴም ወሰደ፣ አሰረ፣ አበላ። እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ ምናልባት ይተርፍ ነበር። ግን ባዝራዋ አሳዘነችው። መቀስ አመጣና ጭጎጎት የበላውን ጋማዋን ከረከመላት። ያም አልበቃው ብሎ አጠባት።

እሁድ ሳይደርስ ቅዳሜ ባለቤቱ ከፖሊስ ጋር መጣ። ሽመክት የሚባል የዘንገና ገበሬ ነው። ለጥር ሃያ ሦስቱ የፈረሰኞች በዓል ሲቀልባት የከረማት ባዝራው ከበረት ተወስዳበታለች፤ ጠባቂዋ የነበረው የወንድሙ ልጅም በዱላ ተፈንክቶ ራሱን ስቶ ተገኝቷል። የመታውን ሰው መልክ አላየም። ሌባው ሌሊቱን በቁጥቋጦ ውስጥ ሲነዳት አድሮ ሲነጋበት መንገድ ላይ ጥሏት ይሆናል ብሎ ያሰበ የለም። ምን ያሳስባል? ባዝራዋ ክንዴ ግቢ ታስራለች፣ ጋማዋም ተከርክሟል።

ችሎቱ ላይ ስለዚያ ጋማ ብቻ ብዙ ተወራ። ምልክቷን ሊያጠፋ ነው ተባለ። ክንዴ «ጭጎጎት ነበረባት» አለ። የታል ጭጎጎቱ? ጭጎጎትን ለማስረጃ ብሎ ማን ያስቀምጣል፤ ዘውድነሽ ጠርጋ እሳት ውስጥ ጥላዋለች። ውንብድና ነው ተባለና ሰውየው ፀጉሩ ጥቁር ሆኖ ገብቶ ሽበት ይዞ የሚወጣበትን ያህል ዓመት ፈረዱበት።

ማረሚያ ቤቱ ውስጥ ሥራ አለ። ሥራው በፈቃድ ነው ይባላል። ፈቃደኛ ያልሆነ ሰው ግን ጠያቂ ሲመጣለት በሩ ላይ «ዛሬ አይገናኝም» ስለሚባል ሁሉም ሰው ፈቃደኛ ነው። ጥቁር ድንጋይ በገልባጭ መኪና ይመጣል፣ እስረኞቹ በመሮና በመዶሻ እየጠረቡ ኮብልስቶን ያደርጉታል፣ የተጠረበው ደግሞ በመኪና ይሄዳል። የየትኛው ከተማ መንገድ እንደሚሆን ለጠራቢው የሚነግረው የለም። ከጠዋት ቆጠራ በኋላ ይጀመራል፣ ዝናብ ሲመጣ ላስቲክ ይወጠርና ይቀጥላል። የዓይን መከለያ መነጽር የለም። ባለፈው ዓመት የድንጋይ ፍንጣሪ የክንዴ ግራ ዓይን ውስጥ ገባ። ጠብታ ሰጡት። ጠብታው አለቀ፤ ዓይኑም አብሮ አለቀ። አሁን ደግሞ ቀኙ ማልቀስ ጀምሯል። ሜላትን ያሳበዳት ይኸ ነው። አባቷ ባንድ ዓይን መሮ ይዞ ከድንጋይ ፊት በተቀመጠ ቁጥር፣ እሷ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ፍንጣሪው ሲበር ይታያታል። አስተማሪው «ሜላት፣ የት ነሽ?» ይላታል። «እዚሁ፣» ትላለች። ውሸቷን ነው።

ክረምቱ ሲገባ ለዘመን መለወጫ ይቅርታ አለ የሚል ወሬ መጣ። መስፈርቱ ማረሚያ ቤቱ በር አጠገብ ተለጠፈ፤ ሜላትም ለእናቷ አነበበችላት። ጥፋቱን ያመነ፣ የተጸጸተ፣ ከተበዳዩ ጋር በሽማግሌ የታረቀ።

«በከንቱ የታሰረስ?» አለች ዘውድነሽ።

ሜላት ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ አየችው። «እሱ የለበትም እማዬ። የሚፈታው ያጠፋ ብቻ ነው።»

እንግዲህ ሽቦው ጋ ያለው ጥል ከዚህ የመጣ ነው።

«አባባ፣ እየሰማኸኝ ነው?»

«የታመመው ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ መች ታመመ።»

«እንግዲያስ ስማ። እዚህ ውስጥ ሰው የገደሉ አሉ አይደል? እነሱ ገድለናል ብለው ይወጣሉ። አንተ አልሰረቅኩም እያልክ እዚሁ ትታወራለህ። ይኸ ምን የሚሉት ኩራት ነው?»

«ኩራት አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ክንዴ ቀኝ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «ሜሉ፣ ዳኛው ሌባ ነህ አለኝ። ጎረቤት ሌባ ነው አለ። የጋሪ ጓደኞቼ ሳይቀሩ እኛም ጠርጥረን ነበር አሉ። ያላልኩት እኔ ብቻ ነኝ። እኔም ካልኩት ማን ይቀራል?»

«እኔ እቀራለሁ። እማዬ ትቀራለች።»

«እናንተማ ከኔ ሰምታችሁ ነው።»

ፖሊሱ ሰዓት አበቃ አለ። ሜላት ያመጣችውን ዳቦ ለፖሊሱ የወረወረች ያህል ሰጥታው ወጣች። በሚኒባሱ ውስጥም እስከ ዳንግላ ድረስ ከተሳፋሪው ሁሉ ጋር እንደተኳረፈች ሄደች። ረዳቱ «እህት፣ እስቲ ጠጋ በይ» ቢላት «ወዴት? ሾፌሩ ጭን ላይ?» አለችው።

በማግስቱ ለእናቷ ሳትነግር ወደ እንጅባራ ተሳፈረች። ከእንጅባራ በባጃጅ፣ ባጃጁ እምቢ ካለበት በኋላ በጭቃው የእግር መንገድ ዘንገና ደረሰች። ሽመክትን ያገኘችው ድንች ሲኮተኩት ነው። ረጅም፣ ትከሻው የጎበጠ፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ ሰው ነው። የክንዴ ልጅ ነኝ ስትለው ምንም አልጠየቃትም፤ እጁን በሣር ጠርጎ ወደ ቤት አስገባት።

ሚስቱ እታለማሁ እርጎ ስታቀርብ ለባሏ በአገውኛ «አጠጣትና ቶሎ ሸኛት። የዚች ልጅ ዓይን ደህና አይደለም፣» አለችው።

ሜላት እርጎውን ተቀበለች። «የኔስ ዓይን ደህና ነው። የታመመው የአባቴ ነው፣» አለቻት፤ በዚያው በአገውኛ። የእናቷ ቋንቋ ነው። እታለማሁ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ጓዳ ገባች፤ ከዚያም አልወጣች።

«ጋሽ ሽመክት፣ እርቁን እሺ እንዲሉ ልለምንዎት ነው የመጣሁት። ለዘመን መለወጫው እንዲደርስለት።»

«እሺ፣» አለ ሽመክት።

ሜላት መንገዱን ሁሉ ያሰናዳችው ልመና አፏ ውስጥ ቀረ። የተሰናዳ ንግግር ደግሞ ዝም ብሎ አይዋጥም። «እሺ? እንዲሁ በባዶ? ባዝራዎን ሰርቆ የወንድምዎን ልጅ የፈነከተ ሰው እኮ ነው የሚባለው።»

ሽመክት መሬቱን አየ። «እሱ አይመስለኝም።»

«ምን አሉ?»

«ሳስበው ከረምኩ። የፈረስ ሌባ ጋማ እየከረከመ አይቀመጥም፤ ሩቅ ገበያ ይዞ ይሮጣል እንጂ። ደግሞ ያን ቀን ከአባትሽ ግቢ ስፈታት ሰኮናዋን አንስቼ አየሁት። የተሰነቀረባት ጠጠር ሳይቀር ወጥቶላታል። ሌባ ጠጠር ያወጣል?»

ሜላት እርጎውን መሬት አስቀመጠች። ካላስቀመጠችው ሰውየው ላይ እንዳትደፋው ፈርታ ነው። «መቼ ነው ይኸን ያወቁት?»

«አወቅሁ አልልም። መሰለኝ ነው።»

«መቼ ነው የመሰለዎት?»

«የፈረዱበት ቀን፣» አለ።

«እስከዛሬስ ምን ሲያደርጉ ኖሩ? ድንች ሲኮተኩቱ?»

«ምን ብዬ ልናገር ልጄ? እግዜርን ጠርቼ፣ ምዬ ነው ይኸ ሰው ነው ያልኩት። ተመልሼ እሱ አይደለም ብል በሐሰት መስክረሃል ብለው ከአባትሽ ጎን ያስቀምጡኛል። ልጆች አሉኝ።»

«እሱም የወለደው ጫጩት አይደለም ጋሽ ሽመክት።»

ሽመክት እጅ ላይ ያለው እርቅ ብቻ ነው። እንደ ደንቡ የበደለ ሰው ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ተበዳዩ ፊት ይንበረከካል፣ በደሉን በአፉ ይናገራል፣ ማረኝ ይላል። ተበዳዩ ድንጋዩን ካነሳለት ነገሩ አበቃ። «ተሸክሞ ይምጣ እንጂ፣ ጉልበቱ መሬት ሳይነካ አነሳለታለሁ፣» አለ ሽመክት።

«እሱ ከነጋ እስኪመሽ ድንጋይ ላይ ነው። አሁን ድንጋይ አነሰው ብላችሁ ነው?»

ይህን ብላ ወጣች። ጭቃው ውስጥ ግማሽ መንገድ ከሄደች በኋላ አመሰግናለሁ አለማለቷ ትዝ አላት። ትዝ ሲላት ደግሞ ለምኑ እንደምታመሰግን ጠፋት። ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ አንዱ በሽቦ ውስጥ አንዱ በድንች ማሳ ውስጥ፣ ሁለቱም እውነቱን ያውቃሉ። አባቷ እንዲፈታ ግን ሁለቱም ተስማምተው መዋሸት አለባቸው። ይኸን ለማን ብትነግረው ያምናታል?

በሚቀጥለው የጥየቃ ቀን ለአባቷ ሁሉንም በሽቦው በኩል ነገረችው። ክንዴ ሽቦውን በሁለት እጁ ያዘ።

«ሽመክት ራሱ እንዲህ አለ?»

«ራሱ።»

«ለአንቺ ብቻ?»

«ለኔና ለእርጎው።»

ክንዴ ሊስቅ ፈለገና ተወው። ሽቦውን ለቀቀ። በመጨረሻ «እንግዲያስ ይምጣ፣» አለ። ሜላት እሺ ያላት መሰላት።

እርቁ በነሐሴ፣ ከማረሚያ ቤቱ ቢሮ ፊት ለፊት ባለው ሜዳ ላይ ሆነ። ሽማግሌዎቹን የሚመሩት አያ ደሴ ናቸው፤ ከዘራቸውን ጭቃው ውስጥ ተክለው የቀርከሃ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ከይቅርታ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት የተላከ ጸሐፊ ወረቀቱን በላስቲክ ሸፍኖ ቆሟል። ክንዴን ከሥራው ላይ አንስተው ስላመጡት ቅንድቡ ሳይቀር በድንጋይ አቧራ ነጥቷል። አያ ደሴ «ድንጋይ ይምጣ» ሲሉ ፖሊሱ ሳይቀር ሳቀ። በዚያ ግቢ ከድንጋይ ሌላ ምን አለ?

ክንዴ ድንጋዩን በማጅራቱ ተሸክሞ መጥቶ ሽመክት ፊት ተንበረከከ።

«ተናገር ልጄ፣» አሉ አያ ደሴ።

«ማረኝ፣» አለ ክንዴ።

«ምን በድለህ?»

ክንዴ ድንጋዩን በሁለት እጁ ደገፈ።

«የፈጸመውን ጥፋት በቃሉ መግለጽ አለበት፣» አለ ጸሐፊው።

ሜላት በዓይኗ፣ በቅንድቧ፣ በአፍንጫዋ ሳይቀር ለመነችው። በል፣ በላት፣ አንዲት ቃል ናት። እናቷ ዘውድነሽ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። የክንዴ አንገት ከድንጋዩ ክብደት ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጸሐፊው ሰማዩን አየ፣ ሰዓቱን አየ።

«ሽመክት፣» አለ ክንዴ ከድንጋዩ ስር። «ለልጄ የነገርካትን እዚሁ በሰው ፊት ንገረኝ። ከዚያ በኋላ የምትሉኝን ሁሉ እላለሁ።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሽመክት እንደ ልማዱ መሬት መሬቱን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን ከክንዴ ማጅራት አነሳ። ዘውድነሽ ተመስገን ማለት ጀምራ ነበር። ሽመክት ግን ድንጋዩን አልጣለውም። በራሱ ማጅራት ላይ አደረገውና ጭቃው ላይ ተንበረከከ። ሁለቱ ሰዎች ጉልበት ለጉልበት ሆኑ።

«አንተ አልሰረቅክም፣» አለ። «እየመሰለኝ ዝም አልኩ። ልጆቼን ፈራሁላቸው። የበደልኩህ እኔ ነኝና ማረኝ።»

ክንዴ ወዲያው አላነሳለትም። ሜላት ለአፍታ ትንሽ ይሸከመው እንጂ ብላ ተመኘች፤ ዓመቱን ሁሉ ባይሆን ለአንድ ሰዓት ያህል። ክንዴ ግን እጁን ዘርግቶ ድንጋዩን አወረደለት። «እግዜር ይማርህ፣ እኔ ምሬሃለሁ፣» አለው። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። አያ ደሴ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ይኸ አይሆንም፣» አለ ጸሐፊው።

«ምኑ ልጄ?» አሉ አያ ደሴ።

«እርቁ በዳይ ተበዳይን ይቅርታ ሲጠይቅ ነው። በዳይ የሚባለው እስረኛው ነው። እናንተ ገለበጣችሁት። እንዳየሁት ከጻፍኩት ጥያቄው ዛሬውኑ ይወድቃል።»

«ያየኸው እውነት ቢሆንስ?» አለች ሜላት።

«እውነት ከሆነ ፍርድ ቤት ይግባኝ በሉ። እዚህ የምናየው ይቅርታ ነው።»

«ይግባኙ ጊዜው አልፏል ብላችኋል።»

«እኔ አላልኩም። እነሱ ናቸው።»

«ታዲያ እውነት የምትታየው የት ነው? በየትኛው መስኮት? ንገረኝና እሄዳለሁ። እንጅባራ ነው? ባህር ዳር ነው? ቤተ ክህነት ነው?»

«ሜላት፣» አለች ዘውድነሽ።

«ልጠይቀው እንጂ እማዬ። የተማረ ሰው ነው፣ ያውቅ ይሆናል።»

ጸሐፊው አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። «እህቴ፣ እኔም እንዲወጣ ነው የምፈልገው፣» አለ በደከመ ድምፅ። «ወይ እንደ ደንቡ ይደገም፣ ወይ ልሂድ። ዝናቡ መጣ።»

ማንም ሳያስበው ክንዴ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን አነሳ። እንደ ቀድሞው እየከበደው አይደለም። ማጅራቱ ላይ አደላድሎ ተንበረከከና «ጻፍ፣» አለ። «ሰርቄያለሁ።»

ሜላት ክረምቱን ሙሉ የለመነችው ቃል ይኸው ነው። ስትለምነው ግን እንዲህ አልነበረም። እሷ አፍ ውስጥ እያለ ቀላል ነገር ነበር፣ መክፈቻ ነገር፣ ቁልፍ ነገር። ከአባቷ አፍ ሲወጣ ጆሮዋን አቃጠላት። ውሸቱን ነው ብላ ልትጮህ አፏን ከፈተችና ነጠላዋን ነከሰችበት።

«ምን ሰረቅክ?» አለ ጸሐፊው እየጻፈ።

«ዳማ ባዝራ።»

«ከማን ጋር ሆነህ?»

«ከባዝራዋ ጋር።»

አያ ደሴ ሳቃቸውን ሳል አስመስለው አሳለፉት። ጸሐፊው «ብቻውን» ብሎ ጻፈ። «ጠባቂውን በምን መታኸው?»

ክንዴ ቸገረው። በዕድሜው ሰው መትቶ አያውቅም። ወደ ሽመክት ቀና አለ።

«በዱላ፣» አለው ሽመክት በሹክሹክታ።

«በዱላ፣» አለ ክንዴ።

«ተጸጽተሃል?»

«አዎ። ሁለተኛ የማላውቀውን ፈረስ ጋማ አልከረክምም።»

«ተጸጽቷል፣» አለ ጸሐፊው፤ ጻፈውም። ሽመክት ድንጋዩን ቶሎ ብሎ አነሳለት።

ሽመክት ፈረመ። ሽማግሌዎቹም ፈረሙ። ከቤተሰብ አንድ ምስክር ቀረ ተባለ። ዘውድነሽ «የተማረችው እሷ ናት፣» ብላ ልጇን ወደፊት ገፋ አደረገቻት። ጸሐፊው ጣቱን መስመሩ ላይ አሳርፎ አነበበላት። እስረኛው ወንጀሉን መፈጸሙን በፊታችን አምኗል፣ ለዚህም ምስክር ነን።

«እዚህ ጋ ስምሽን ጻፊና ፈርሚ።»

ሜላት እስክሪብቶውን አየችው። «አውራ ጣት አይበቃም?»

«መጻፍ አትችይም?»

«አልችልም።»

«ስንተኛ ክፍል ነሽ?»

«ሰባተኛ።»

«ሰባተኛ ክፍል ደርሰሽ ስምሽን መጻፍ አትችይም?»

«የኛ ትምህርት ቤት ደካማ ነው።»

ክንዴ ባንድ ዓይኑ አያት። ጸሐፊው የቀለሙን ሳጥን ከፈተላት። አውራ ጣቷን ወረቀቱ ላይ ስትጭነው ከስሩ ያለው ፊደል እንዲደመሰስ ፈልጋ ነበር፤ አልተደመሰሰም። ፖሊሱ «ውሳኔው እስኪመጣ ሥራ ሥራ ነው» ብሎ ክንዴን ወደ ላስቲኩ ስር መለሰው። ሲሄድ ከሽመክት ጋር ስለ ባዝራዋ እያወራ ነበር፤ ወልዳለች ወይ ብሎ ሲጠይቀው ሜላት ሰማች።

ዝናቡ ጀመረ። ጸሐፊው ወረቀቱን ደረቱ ስር እየሸሸገ በሩ ጋ ደረሰባት።

«ይፈታል?» አለችው።

«አምኗል አይደል? ያመነ ሰው ይፈታል። ለመስቀል ቤቱ ይሆናል።» ፊቷን አየና ቆም አለ። «ምነው፣ ደስ አላለሽም እንዴ?»

«ደስ ብሎኛል፣» አለችው። ስድብ አድርጋ ነው ያለችው።